ብሔር፤ ከአገር ወደ ትውልድ

ብሔር የሚለው ቃል በክርክራችን መካከል ሳይነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ቃሉ ግን ከክርክሩ እጅግ ይሸመግላል፤ የመጀመሪያ ትርጓሜውም ሌላ ነበር።

በግዕዝ ብሔር ማለት አገር፥ ምድር፥ ሥፍራ ማለት ነው። ብሔረ አግዓዚ ሲባል የአግዓዚ አገር፥ ብሔረ ሕያዋን ሲባል የሕያዋን ሥፍራ ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በጣራ ገዳም ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው «እግዚአብሔር» በተባለ ቁጥር ይህንኑ ቃል ይሰማል፤ የአገር፥ የዓለም ጌታ ማለት ነውና። ከገዳሙ ወርደን ወደ ፎገራ ሜዳ ስንሄድ፥ በወረታ ገበያ የተገናኙ ገበሬዎች «አገርህ ወዴት ነው?» ቢባባሉ አንዱ ፎገራ፥ ሌላው ሊቦ፥ ሦስተኛው ደራ ብሎ ይመልሳል። የጥንቱ ብሔር ይኸው ነው።

የአውሮፓውያን «ናሲዮን» ግን መወለድ ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው። የእነርሱ ቃል ከማኅፀን፥ የእኛው ከመሬት ይነሣል ማለት ነው። ሁለቱ በትርጉም ሲጋቡ በመጀመሪያ ችግር አልታየም፤ ብሔራዊ ባንክ ስንል ዛሬም የአገር ባንክ ማለታችን ነው። ነገሩ የከረረው ከተማሪው እንቅስቃሴ ወዲህ ነው። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ልሳን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። እንዲህ ያለው አሳብ ወደ አማርኛ ሲገባ፥ የመሬቱ ቃል የትውልድንና የቋንቋን ሸክም ተሸከመ።

ብሔረሰብ የሚለውን የግዕዝ ተማሪ ሳይስቅ አያልፈውም። በግዕዝ አገባብ የአገር ሰው «ሰብአ ብሔር» ነው፤ «ብሔረ ሰብእ» ቢሉ ግን የሰው አገር ይሆናል። የሰው አገር ማለት በአማርኛችን ባዕድ አገር መሆኑን ማን ያጣዋል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔር፥ ብሔረሰብና ሕዝብ ለሚሉት ሦስት ቃላት አንድ ትርጓሜ ብቻ ሰጣቸው። ባህልን፥ ቋንቋን፥ የተዛመደ ህልውናንና ሥነ ልቡናን ከቆጠረ በኋላ የተያያዘ መልክዐ ምድርን በመጨረሻ ያነሣል። ቀድሞ የቃሉ ሙሉ ትርጓሜ የነበረው ምድር ጅራት ሆነ።

ይህ የሰዋስው ጣጣ ብቻ ነው የሚለን ይኖራል። አይደለም። ለብዙ ዓመታት በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። አባቱ ከአንድ ወገን፥ እናቱ ከሌላ ወገን ሆነው ወረታ የተወለደ ልጅ፥ በጥንቱ ትርጓሜ ብሔሩ ፎገራ ነው፤ ምንም አይቸገርም። በአዲሱ ትርጓሜ ግን ያንን መስመር ለመሙላት ከአባቱና ከእናቱ አንዱን መተው ነበረበት።