ከምረቃው ማግስት፦ የአገሪቱ መሠረተ ልማት ከዳንግላ ሲታይ

ዳንግላ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ በአማራ ክልል የአዊ ዞን ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የሚለያት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተሰሜኗ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ፣ በስተሰሜን ምዕራቧ ደግሞ የጃዊ የስኳር ልማት አሉ። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ ሲወረድ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይገኛል፤ በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ። ኢትዮጵያ ባለፉት 70 ዓመታት ለመሠረተ ልማት ያፈሰሰችው ገንዘብ ምን እንዳስገኘና የት ላይ እንደሳሳ ለማየት ይህ አካባቢ በቂ ማሳያ ነው።

የዘርፉ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በመሠረት ድንጋይና በምረቃ ቀናት ነው። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ማን ይጠግነዋል? በምን ገንዘብ? ሲቋረጥስ በየት በኩል ይታለፋል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባጡ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ የተሠራው ነገር ዳግመኛ ብድር ይጠይቃል።

መንገድ

የአገሪቱ የመንገድ አስተዳደር ራሱ የተወለደው ከጥገና ችግር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የዘረጋቸው መንገዶች ከነጻነት በኋላ ጠጋኝ አጥተው ተበላሹ። መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር የተበደረው እነዚሁኑ መንገዶች መልሶ ለማቋቋምና ለመጠገን ነበር፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ይህ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው።

ትልቁ መስፋፋት የመጣው ከ1989 ዓ.ም. በኋላ፣ በመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ነው። በዚያን ጊዜ 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ የመንገድ መረብ ከሁለት አሥርት ዓመታት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከ140 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። ለጥገና እንዲውልም ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰብ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። ሆኖም መረቡ ከ5 እጥፍ በላይ ሲሰፋ የጥገናው ኪስ በዚያው ልክ አልሰፋም።

ይህ ልዩነት በአዊ ጎልቶ ይታያል። ዳንግላ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚዘንበውም ከሞላ ጎደል ሁሉም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። የጠጠር መንገድ በዚህ ዝናብ ሥር የሚቆየው ቦዩ ሲጠረግ፣ ቱቦው ሲከፈትና የታጠበው ጠጠር ሲተካ ነው። ጥገናው ሁለት ክረምት ከታለፈ መኪናው ይቀራል፤ የገበሬው ድንችና እህል ወደ ገበያ የሚወጣው እንደ ጥንቱ በፈረስ ይሆናል።

ዋናው አውራ ጎዳና ደግሞ ሌላ ድክመት አለው። ከዳንግላ አዲስ አበባ ለመድረስ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ መሻገር ግድ ነው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው 303 ሜትር የሕዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ አስተማማኝ አድርጎታል። ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያለው ገደል ግን ዝናብ ሲበዛ ይንሸራተታል፤ አስፓልቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። በሞጣ በኩል ያለው መንገድም ቢሆን ደጀን ላይ ስለሚገናኝ ከዚህ ገደል አያስመልጥም። እውነተኛው አማራጭ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው ነው፤ እሱም ዙሪያ ጥምጥም ከመሆኑ በላይ ሰላም ይፈልጋል።

መብራት

የመብራቱ ምንጭ ውኃ ነው፤ ዳንግላም በዚሁ ውኃ ጥናት ስሟ ይነሳል። እንግሊዛዊው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን አጥንቷል። ጊዜው ብሪታኒያ ለሱዳንና ለግብፅ ሲባል ጣና ላይ ግድብ እንዲሠራ የምትወተውትበት ነበር። ኢትዮጵያ በበኩሏ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልካ ከጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገረች፤ ጥናት ተካሄደ፤ ግድቡ ግን አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው የአሜሪካ ባለሙያዎች የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ዛሬ ሕዳሴ የቆመበትን የድንበር አካባቢ ጭምር ለግድብ አመልክቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኃይል ማመንጨት የታየው ዕድገት በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። የመጀመሪያው ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት ጨመረ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ እየሰደደ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ የተሠራውም በአገር ውስጥ ገንዘብ፣ በቦንድና በሕዝብ መዋጮ ነው።

በማመንጨት በኩል ያለው ድል እስከ ምድጃ አልደረሰም። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም፤ መብራት ያለውም ቢሆን አብዛኛው የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የዚህ ወረዳ ገበሬ ማሳው አሲዳማ ሆኖ እህል ሲከለክለው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ከሰል አድርጎ በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይልካል። ለአፈሩም ለኪሱም የበጀ ዘዴ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ዛፉን መታው። በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ ኑሮ በአንድ በሽታ ተናጋ፤ የከተሞቹም ምድጃ አብሮት።

በጣና በለስና በሕዳሴ ጎረቤትነት ከሰል መክሰሉ መነሻው የኃይል እጥረት ብቻ አይደለም። የከፍተኛ ውጥረት መስመር በመንደር ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ወደ ቤት የሚያስገባው ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪና ምጣድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈል ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ትልልቁ ገንዘብና ትልልቁ ዜና ወደ መጀመሪያው ሲሄድ፣ ደንበኛው መብራት ሲጠፋበት የሚደውለው ግን ወደ ሁለተኛው ነው። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር የተወሰነው ታሪፍ ለተቋማቱ የጥገና ገቢ ያስገኛል፤ ድሃውን ወደ ከሰል እንዳይመልሰው ግን ጥንቃቄ ይሻል።

ውኃ

በውኃ ዘርፍ አካባቢው የሚያስተምረው ነገር አለው። በፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል በተጀመረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ በኩል ለራሱ ለሕዝቡ የውኃ ኮሚቴ ይለቀቅ ነበር። ኮሚቴው ግንበኛውን ይቀጥር፣ ዕቃውን ይገዛ ነበር። ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብ ደግሞ አስቀድሞ ያጠራቅም ነበር። የእጅ ፓምፑ ገና ሳይተከል የመለዋወጫው ብር ተቀምጧል ማለት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በዳንግላ ወረዳ ዳንጊሽታ የሚኖሩ ገበሬዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የውኃ ማኔጅመንት ተቋም ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድን ውኃ በየዕለቱ መመዝገብ ጀመሩ። ውጤቱ ሲመረመር ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ጥልቀት በሌለው የከርሰ ምድር ውኃ የበጋ ጓሮ ማልማት የሚያስብ ወረዳ ጉድጓዱ መቼ እንደሚነጥፍ ማወቅ አለበት፤ እሱን የሚነግረው እንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

ስልክና ኢንተርኔት

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ስልክን የገንዘብ ኪስ አደረገው፤ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር የአንድ ኩባንያ ዘመን አከተመ። ክፍያ፣ ደመወዝና ንግድ በኔትወርክ ላይ ሲወጡ የኔትወርክ መቋረጥ ጉዳትም አብሮ አደገ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፤ መንገዶችም በየጊዜው ተዘግተዋል። መንገድ ሲዘጋ ነዳጅና ማዳበሪያ ይዘገያል፤ መብራት ሲጠፋ የኔትወርክ ማማው በጄኔሬተር ላይ ይወድቃል፤ ነዳጁ ሲያልቅ ባንኩም ቴሌብሩም ይቆማሉ። በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ በየምዕራፉ ተነጥለው የሚጻፉት ዘርፎች በችግር ቀን እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ።

ገንዘቡ

ከ2003 ዓ.ም. የጀመሩት ሁለቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች በመንግሥት ኢንቨስትመንትና በብድር የተገፉ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. አገሪቱ 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮ ቦንድ ተበደረች፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳትከፍል ቀረች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚገዛ ሁሉ፣ ከትራንስፎርመር እስከ ሬንጅና የግሬደር መለዋወጫ፣ ተወደደ። ብድሩ በዶላር ነው፤ መንገዱና መስመሩ የሚያስገቡት ገቢ በብር ነው። የጃዊው የመጀመሪያ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው ከታሰበው ብዙ ዘግይቶ በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በተበደሩት ገንዘብ የተጀመረ ነገር ሲጓተት ወለዱ አይጠብቅም። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ በ2010 ዓ.ም. የወጣው ይህን ሸክም ለመካፈል ነው። የግል ባለሀብት ግን ተመላሽ ገንዘብ ወደሚገኝበት እንጂ ወደ ቀበሌ ጠጠር መንገድ አይሄድም፤ ያ የመንግሥት ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

የቀረው ሥራ

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በታዳጊ አገሮች መሠረተ ልማትን አደጋ እንዲቋቋም አድርጎ ለመሥራት የሚወጣ እያንዳንዱ ዶላር በአማካይ 4 ዶላር እንደሚመልስ ገምቷል። የተጨማሪው ወጪ ዓይነት ከዳንግላ ላለ ሰው ግልጽ ነው፤ ሰፋ ያለ ቱቦ፣ የተገነባ ቦይ፣ የገደል መደገፊያ ግንብ፣ ትርፍ ትራንስፎርመር፣ ሁለተኛ መሻገሪያ። ምረቃ ስለማይደረግላቸው በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዙትም እነሱ ናቸው።

የዳንጊሽታ ገበሬ ዝናብ መዝግቧል፤ የውኃ ኮሚቴውም ከመቆፈሩ በፊት ለመጠገኛው አጠራቅሟል። ይህ ሥርዓት ወደ ላይ ቢወጣ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ማንኛውም የፌዴራልም ሆነ የክልል ፕሮጀክት የጥገና ገንዘቡ ምንጭ፣ ጠጋኙና ሲቋረጥ የሚተካው መስመር ሳይጻፍ አይጸድቅም። ኢትዮጵያ መገንባት እንደምትችል በሕዳሴ አሳይታለች። ቀጣዩ የፖሊሲ መለኪያ በአዲስ ቅዳም ስንት ቤት በመብራት ያበስላል፣ ከአምስት ክረምት በኋላስ ስንቱ የቀበሌ መንገድ መኪና ያስኬዳል የሚለው መሆን ይገባዋል፤ ሁለቱም በየዓመቱ ተቆጥረው ከበጀቱ ጋር ለሕዝብ ሊቀርቡ የሚችሉ ናቸው።