ተጨማሪ መረጃ፦ የአኳሪየም ተክል ለምን ይቀጭጫል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዚያ የአኳሪየም ተክል ሲቀጭጭ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርዱ ነው። ለአብዛኞቹ የሞቃት አገር የውኃ ተክሎች ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማቸዋል፤ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ማሞቂያ የሌለው ውኃ ከዚህ በእጅጉ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመጨመሩ በፊት ቴርሞሜትሩ ይታያል።

ሙቀቱ ደህና ከሆነ ተራው የቅጠሉ ነው። አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ለጋው ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን የጎደለው ብረት ነው። ግንዱ ቀጥኖ ወደ ላይ ከተመዘዘ ብርሃን አልበቃውም። ያም ሆኖ አምፖሉን ሌት ተቀን ማብራት የሚጠቅመው አልጌን ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ያህል ይበቃል። ማሞቂያ ለሌለው ገንዳ በጣና ሐይቅም የሚገኘው፣ ብርድ ቻዩና ሥር አልባው ሴራቶፊለም ይሻላል።