የተለያየ ስሪት ያላቸው አሮጌ የብስክሌት ዕቃዎች ሲገጣጠሙ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ከአሮጌ መለዋወጫዎች ብስክሌት የሚገጣጥም ሰው ዕቃዎቹን ከመግዛቱ በፊት በካሊፐር ሊለካቸው ይገባል፤ ለዓይን አንድ የሚመስሉ ዕቃዎች እንደተሠሩበት አገር ልኬታቸው ይለያያልና። ይበልጥ የሚያስቸግረው የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት የቴላዮው ቀዳዳ ነው። የጣሊያኑ ስሪት 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለቱም ጎኖቹ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። የእንግሊዙ 1.37 ኢንች ሆኖ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሊፈታ ሲሞክር ያጠብቀዋል፤ ጥርሱ በጉልበት ከተበላ ደግሞ ጉዳቱ ለቴላዮው ይተርፋል።

መሪውን የሚሸከመው ዘንግ በቀድሞው የፈረንሳይ ስሪት 22፣ በሌሎች አብዛኞቹ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭኑ በሰፊው ውስጥ ከላላ መሪው ሲዞር ጎማው ላይከተል ይችላል። ስለዚህ ከመንዳት በፊት የፊት ጎማውን በጉልበቶች መካከል ይዞ መሪውን መጠምዘዝ ያስፈልጋል፤ መሪው ብቻውን ከዞረ ብስክሌቱ ወደ መንገድ መውጣት የለበትም።