ያውቁ ኖሯል? የአሶሳ ተራራና የባሕር ኮራል የአንድ ቤት ልጆች ናቸው!

ከአሶሳ ተነሥተው ቀይ ባሕር ለመድረስ፣ አሞራ ቢሆኑ እንኳ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አለብዎት! አንድ የጥንት ባሕር ግን እዚሁ ተኝቷል። በቤኒሻንጉል የሚገኘው የዳለቲ፣ የማንኩሽና የቡለን እብነ በረድ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ ቢሄዱ የባሕር ወለል ላይ የረጋ ዝቃጭ ነበር! ዛሬ የምናውቃቸው ጠንካራ ኮራሎች ያኔ ገና አልነበሩም።

ሁለቱን ምን አዛመዳቸው? ካልሲየም ካርቦኔት! እብነ በረዱን ምድር በሙቀትና በክብደቷ አበሰለችው፤ ኮራሉ ግን ያንኑ ነገር ከባሕር ውኃ እየለቀመ ራሱ ይገነባዋል!

አላመኑም? የእብነ በረድ ስባሪ ወቅጠው ዱቄቱ ላይ ሎሚ ይጭመቁ። ጭስስ ብሎ አረፋ ይደፍቃል! የሞተ ኮራልም እንዲሁ። (ሳሎን ባለው የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይሞክሩት፤ ወዙ ይጠፋል፣ ከባለቤትዎም ጋር ያጣላዎታል።)

ኮራል ድንጋይ አይደለም፣ ተክልም አይደለም፤ እንስሳ ነው! አፍ አለው፤ ሌላ መውጫ ግን የለውም። የሚበላውም የሚያስወግደውም በዚያው ነው!

ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ያስጠልላል። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ኮራሉ ይበላል። ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍንለት ይኸው ተከራይ ነው! እንዲህ ያለ ተከራይ ማን ይጠላል?

ኮራል ይጠላል! ሲሞቀው ተከራዩን አባርሮ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልብ ይበሉ፣ ነጭ ሆነ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ተራበ ማለት ነው። ውኃው ከለመደው የበጋ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ በቂው ነው። 1 ዲግሪ! የአሶሳ መጋቢት ይህን ቢሰማ ይስቃል።

እና ይህን ቅምጥል ቤታቸው ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ! በ1 ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው፣ ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም። ለወጥ ጨው በመዳፍ መመጠን ያምርብናል፤ እዚህ ግን ያለ መለኪያ አይሞከርም!

የአፋር አሞሌ አይበቃም? አይበቃም! የአፋሩ የጥንት ባሕር ሲደርቅ ካልሲየሙ ቀድሞ ጄሶ ሆኖ ዘቀጠ፤ ማግኒዥየሙ ደግሞ በቀረው ውኃ ውስጥ ሸሸ። ገንዘብ ሆኖ አገር ያገበያየው አሞሌ አንዲት ኮራል ማሳደግ አይችልም!

ውኃ ይተናል፤ ጨው አይተንም! ስለዚህ ከገንዳው የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። ጀማሪው ግን ይዘነጋና በጎደለ ቁጥር ጨዋማ ውኃ ይጨምራል፤ ኮራሉን በቁሙ ቋንጣ ያደርገዋል!

ግድግዳ የሚቀባው ኖራ የኮራል ቀለብ ነው ቢባሉስ? በሚገባ የተጣራ የኖራ ውኃ ሌሊት ሌሊት ጠብ ጠብ እያለ ወደ ገንዳው ይገባል፤ ኮራሉም አጥንቱን ይገነባበታል! (የገበያውን ኖራ አይንኩት።)

ከዚህ የባሰም አለ! የሞተ ኮራል ስባሪ ዕቃ ውስጥ ይታጨቅና፣ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚፈላው ጋዝ እየገባበት ይሟሟል። ሟሙቶ የወጣው ለሕያው ኮራል ይሰጣል። አያት የልጅ ልጁ አጥንት ይሆናል!

መብራት ሲጠፋስ? ፓምፑ ይቆማል፣ ውኃው ይተኛል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል። ዓመታት የፈጀው በሰዓታት ሊያልቅ ይችላል! 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ እዚሁ ጉባ ነው ብለው አይዘናጉ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከአጠገብዎ አይራቅ።

ኮራል ይዋጋል! ቀን ጨዋ መስሎ ውሎ ሲመሽ ረጃጅም መናደፊያ ክሮቹን ይዘረጋል። አንዳንዱማ የሆድ ዕቃውን ወደ ውጭ አውጥቶ ጎረቤቱን እዚያው ባለበት ይፈጨዋል! ከጎረቤቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት።

ቅርንጫፉ ቢሰበር አያልቅሱ፤ ሁለት ሆነልዎ! ስባሪውን በሱፐር ግሉ ድንጋይ ላይ ይለጥፉት። አዎ፣ ጫማ በምንለጥፍበት! ድንጋዩን እየለበሰ ያድጋል።

ባሕር ውስጥ ብዙዎቹ ኮራሎች በዓመት አንዴ፣ ሙሉ ጨረቃ ባለፈች በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ፣ እንደተቀጣጠሩ ሁሉ ዘራቸውን በአንድነት ይለቃሉ! የቤኒሻንጉል የቆላ ቀርከሃም ነገሩን ያውቅበታል፤ ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ቆይቶ በአንድነት ያብባል፣ በአንድነትም ይደርቃል! እሱን ማን እንደሚጠራው እንጃ።

ለንደን ያለው ሆርኒማን ሙዚየም ግን ኮራሎቹን አታሏቸዋል! በመብራት የሐሰት ጨረቃ ሠራላቸው፤ እነሱም አምነው ገንዳ ውስጥ ዘሩ!

ጎረቤታችን ጅቡቲስ? በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከባሕሯ የተነሣ ሕያው ሪፍ (የኮራል ክምር) ሞናኮ ድረስ ተጉዞ 40,000 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ገባ። እዚያም ኑሮውን ቀጠለ!

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ የኮራል ሪፍ ግን አላት! ዳናኪል ውስጥ፣ ጨው የጫኑ ግመሎች በሚመላለሱበት አገር፣ ዕድሜው 125,000 ዓመት ገደማ የሆነ ሪፍ ደረቅ ምድር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ ግድ የሌለው እሱ ብቻ ነው!