ቀለሟ አያታልልህ!

ሚላኖ የሚኖር አንድ ወዳጄ ለሰርጉ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአሮጌ መኪና ሊለውጠው ነው። መኪናዋ ደግሞ ዝም ብላ አሮጌ አይደለችም። «ዱዌቶ» የሚሏት ቀይ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ናት! እ.ኤ.አ. በ1966 ጄኔቭ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየች፣ ቅርጿን ፒኒንፋሪና ያወጣላት፣ ደስቲን ሆፍማን በ1967 «ዘ ግራጁየት» በተባለው ፊልም የከነፈባት። ታዲያ ልቡ ቢደነግጥ ይፈረድበታል? ሻጩ «እንደ አዲስ ታድሳለች» ይላል። እጮኛው አኩርፋለች። እሱ «ምከረኝ» አለኝ።

ቀለም ማንም ይቀባል፣ ወዳጄ! ማግኔት ያዝና ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ነካካው። አልይዝ ካለህ ስቱኮ ነው፤ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ዝገት አይጠፋም። ይቺ መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ የሚሸከማት ራሱ ቦዲዋ ነው። እሱ ከተበላ ሞተር ከማሠራት የባሰ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ።

ሞተሯ ሳይሞቅ ንዳት። ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ከጮኸች ካምቢዮው ደክሟል፤ የአልፋ የታወቀ በሽታዋ ነው። (ካምቢዮ፣ ላሜራ፣ ፍሪሲዮን... የኛም ጋራዥ ቋንቋ ከዚያው የመጣ ስለሆነ ከመካኒኩ ጋር መግባባት አያቅትህም!)

በቦዲዋ ላይ የተመታውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ስትታደስ የተነሳውን ፎቶና ደረሰኙንም ጠይቅ። በእውነት ያደሳት ሰው ፎቶውን ሳትጠይቀው ያወጣልሃል። «ጠፍቶብኛል» ካለህ ቀብዱን ኪስህ ውስጥ አቆየው።

ስትሄድ ደግሞ እጮኛህን ይዘሃት ሂድ። ለቀይ ቀለም የማይደነግጥ ሰው ያስፈልግሃል።