ብረት ከመቆረጡ በፊት

ሞያሌ ላይ የሚበላሽ ብረት አዲስ አበባ ላይ ከሚበላሽ ብረት ይከብዳል። ከተማችን ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ድፍን ብረት ያለቀበት ቶርኖ ቤት ጭነት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ በቶርኖ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። የሥራን ቅደም ተከተል በኮምፒውተር ላይ ቀድሞ ማውጣት የትልልቅ ፋብሪካዎች ጉዳይ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

በአንድ የወፍጮ ዘንግ ላስረዳ። ዘንጉ የመጣው በኬንያ ውስጥ ካለችው ዋልዳ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ድንበር የተሻገሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ካምፕ እዚያ ነበር፤ ኋላ ተዘጋ። ዛሬ ከዚያ የሚመጡልኝ የወፍጮና የፓምፕ ዕቃዎች ናቸው። ባለ ወፍጮው እህል የሚያስፈጩ ሰዎችን ትቶ ስለመጣ ገና ሳይቀመጥ «ፉንዲ (ባለሙያው)፣ ዛሬ ይደርሳል?» ይለኛል።

ዘንጉ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ቦታ ላይ 6208 ቁጥር ኩሽኔታ ይገባበታል፤ የኩሽኔታው ቀዳዳ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ፑሊ የሚገባበት ጫፍ 38 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ፑሊው ለብቻው እንዳይዞር የሚይዘው ቁልፍ 10 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ቦይ ይፈልጋል። ስዕሉ ይህን ሁሉ ይናገራል። የቱ ይቅደም የሚለውን ግን አይናገርም፤ ሥራው ያለውም እዚያ ላይ ነው።

አንዱን የኩሽኔታ መቀመጫ ጨርሶ፣ ብረቱን ፈትቶና አዙሮ አስሮ ሌላውን መቁረጥ እጅ ይቀናዋል። እንዲህ የተሠሩ መቀመጫዎች ግን በአንድ መስመር ላይ አይውሉም። ወፍጮው ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው ይግላል፣ ቺንጋው እየወጣ ያስቸግራል። ስለዚህ አስቀድሞ ሁለቱም ጫፎች መሃላቸው ላይ ይበሳሉ። ዘንጉ በእነዚያ ቀዳዳዎች በሁለት ሹሎች መካከል ከተያዘ ተገልብጦ ቢታሰርም መሃሉ ያው ነው። የቁልፉ ቦይም የሚቆረጠው ከፊኒሺንግ፣ ማለትም ከመጨረሻው ስስ ቆረጣ በፊት ነው። ብረት በአንድ ጎኑ ሲቦረቦር በውስጡ ታምቆ የቆየ ውጥረት ይለቀቅና ዘንጉ በጥቂቱ ሊጎብጥ ይችላል። ፊኒሺንጉ ከቦዩ በኋላ ከሆነ ጉብጠቱን ያስተካክለዋል፤ ቦዩ መጨረሻ ላይ ከተቆረጠ ግን የተጨረሰው ልክ ይጠፋል።

ይህን ቅደም ተከተል የማወጣው ፍሪካድ በሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ነው፤ በነጻ ይገኛል። የምሄደው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ያለቀውን ዘንግ እሠራለሁ፤ ቀጥሎ ፊኒሺንግ የሚያነሳውን ግማሽ ሚሊ ሜትር መልሼ አለብሰዋለሁ፤ ከዚያ ቦዩን እደፍናለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ጥሬ ብረት ላይ እደርሳለሁ። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ቅርጽና የራሱ ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ ላይ ለዚያ ደረጃ የሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይሰፍራል። የመጀመሪያው ቆረጣ ወረቀት 40.5 ይላል፤ የፊኒሺንጉ ከ40.002 እስከ 40.018። ፍጥነቱንም እዚያው እጽፈዋለሁ፦ ሃይ ስፒድ መቁረጫ ለስላሳ ብረትን በደቂቃ 30 ሜትር ያህል እንዲቆርጥ ከተፈለገ፣ ባለ 50ው ብረት በደቂቃ 190 ጊዜ ገደማ መዞር አለበት። ማሽኑ ላይ የሚቆመው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ይሠራል እንጂ አይገምትም።

በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሲኤንሲ ማሽን ላለው ሰው እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ቅደም ተከተሉን ማሽኑ ወደሚያነበው ጂ ኮድ ይቀይርለታል። ይህ መንገድ የተከፈተው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳየ ጊዜ ነው። የመቁረጫውን ጉዞ በስክሪን አስቀድሞ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ብረቱ የት ይታሰር፣ የትኛው ጫፍ ይቅደም የሚለውን ግን አሁንም የሚወስነው ባለሙያው ነው።

የኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት መብራት ያገኘችው ከኢትዮጵያ በሚመጣ መስመር ነው። መብራት ሲጠፋ ቶርኖው ይቆማል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ቅደም ተከተል ለማውጣት አውለዋለሁ።

ከድንበሩ በዚህም በዚያም ቶርኖ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪው ያለቀውን ዕቃ ስዕል ብቻ ሲያመጣላችሁ አትቀበሉት። ከጥሬ ብረት እስከ ፊኒሺንግ ያሉትን ደረጃዎች በየወረቀቱ አብሮ እንዲያመጣ አድርጉ፤ አንድ ኮምፒውተር ካላችሁ ሶፍትዌሩ ገንዘብ አያስወጣችሁም።