ፒቴንን ፈላጊው አንቲቦዲ

አብዛኛው የምርምር አንቲቦዲ የሚገዛው አንድ ፕሮቲን መኖሩን ለማሳየት ነው። የፒቴን አንቲቦዲ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ፕሮቲኑ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል።

ፒቴን ከ403 አሚኖ አሲዶች የተገነባ የሰው ፎስፋቴዝ ነው፤ ፎስፌት የሚነቅል ኢንዛይም ማለት ነው። ዘረ-መሉን በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ ያገኙት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1997 ነበር። መጀመሪያ እንደ ዘመዶቹ ከፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚነቅል መስሎ ነበር። በዓመቱ ግን ዋና ሥራው በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለ ቅባት ጋር መሆኑ ታወቀ። ይህ ቅባት ፎስፌቱን እንደያዘ ከቆየ ሕዋሱ እንዲያድግ፣ እንዲባዛና እንዳይሞት ይገፋፋዋል። ፒቴን ሲጠፋ ግፊቱን የሚያበርደው አይኖርም። በፕሮስቴት፣ በማኅፀንና በአንጎል ካንሰር ውስጥ የሚታየውም በተደጋጋሚ ይኸው ነው።

አንቲቦዲው የሚሠራው የፕሮቲኑን ቁራጭ ለጥንቸል ወይም ለአይጥ በመርፌ በመስጠት ነው። ቀድሞ የእንስሳውን ደም ቀድቶ ማጣራት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከአንዱ ጥንቸል የተገኘው ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ሳይንቲስቶቹ ኮህለርና ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አንቲቦዲ አመንጪ ሕዋስን ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሕደው የማይነጥፍ ምንጭ አበጁ፤ በ1984 ኖቤል ያስሸለማቸውም ይህ ነው።

ዌስተርን ብሎት በሚባለው ዘዴ ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ እየተነዱ በመጠናቸው ይለያያሉ። ከዚያ ወደ ስስ ወረቀት መሰል ነገር ይዛወሩና አንቲቦዲው ይፈስባቸዋል፤ የያዘው ፕሮቲንም እንደ መስመር ይታያል። ፒቴን በስሌት 47 ኪሎዳልተን ይመዝናል፤ መስመሩ የሚታየው ግን 54 አካባቢ ነው። ጀማሪ ተማሪ በዚህ ቢደናገር አይፈረድበትም። ጎን ለጎን ፒሲ-3 የተባሉት የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ይሮጣሉ። እነዚህ የፒቴንን ዘረ-መል ያጡ ናቸውና በእነሱ ረድፍ ላይ በዚያው ከፍታ መስመር ከወጣ አንቲቦዲው ሌላ ነገር ይዟል ማለት ነው። ለእኔ ከሻጩ መግለጫ ሁሉ ይህ ባዶ ረድፍ ይበልጥብኛል።

በመስታወት ላይ በተዘረጋ የዕጢ ቁራጭ ላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በአንቲቦዲው ሲቀለም ፒቴን ያለበት ሕዋስ ቡናማ ይሆናል፤ የሌለበት ይህን ቀለም አይዝም። ግን ውሻው ያልጮኸው ሌባ ስላልመጣ ነው ወይስ ውሻው ስለሞተ? መልሱ እዚያው መስታወት ላይ ይገኛል። በዕጢው መካከል የሚያልፉት የደም ሥሮችና ደጋፊ ሕዋሳት ፒቴናቸው አልጠፋም። እነሱ ቡናማ ሆነው የካንሰሩ ሕዋሳት ብቻ ከነጡ፣ ፒቴን በእርግጥ ጠፍቷል። ሁሉም ከነጡ ግን ናሙናው በአያያዝ ተበላሽቷል ወይም ቀለሙ አልሠራም፤ ከዚያ መስታወት ምንም ውጤት አይጻፍም።

ብልቃጡ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለ። በዚህ አንቲቦዲ የተገኘ ውጤት ብቻውን ለታማሚ ሕክምና መወሰኛ አይሆንም፤ ለዚያ ለብቻው የተፈተሸና የጸደቀ ምርመራ ያስፈልጋል።